ጥይት ቆርቆሮ ይበሳል፤ አሸዋ ግን ይይዘዋል

በሮቢት ሜዳ ማሽላው ሲያፈራ ጠባቂው ማማ ላይ ይወጣል። ወፉን በወንጭፍ ያባርራል። ድንጋዩን በእጁ ቢወረውረው ቅርብ ይወድቃል። በወንጭፍ አዙሮ ሲለቀው ግን ርቆ ይሄዳል፤ የመታውንም ክፉኛ ይጎዳል። ድንጋዩ ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ክብደት እጥፍ ሲሆን የመምታት ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የክላሽ አረር ክብደቱ 8 ግራም ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ከአፈሙዝ ሲወጣ በአንድ ሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከቅርብ የተተኮሰ ጥይት ከድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ተኩሱን ሰምቼ እሸሻለሁ ማለት አይሆንም።

ቆርቆሮን በእጅ ሲገፉት ሰፋ ብሎ ይጎብጣል። ግፊቱን ለዙሪያው ያካፍላል። ጥይት ሲመታው ግን ለማካፈል ጊዜ የለውም። የተመታው ቦታ ብቻውን ይበሳል። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳንም ጥይት ያልፈዋል።

ድንጋይስ? ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ግን አይጎብጥም። ሲመታ ይፈረከሳል፤ ስብርባሪው ይፈናጠራል። በአግድም የመታው ጥይት ደግሞ ነጥሮ ሌላ ሰው ሊያገኝ ይችላል።

አሸዋ ልል ነው፤ ጥይት ግን ይይዛል። እንዴት? እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ጎረቤቱን ይገፋል፤ ይፋተጋል። የጥይቱ ፍጥነት በዚህ ያልቃል። የጎሊናን ወንዝ አሸዋ በጆንያ ሞልተን ግማሽ ሜትር ውፍረት ብንደረድር የክላሽ ጥይት አያልፈውም። ወታደር ምሽጉን በአሸዋ ጆንያ የሚሠራው ለዚህ ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በራያ ቆቦ አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የቆርቆሮ በር መዝጋት ብቻውን ከጥይት አያድንም። ተኩስ ሲሰማ ከበርና ከመስኮት እንራቅ። መሬት ላይ እንተኛ። ከተቻለም ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከወፍራም አፈር ጀርባ እንሁን።

ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውስ? የወጣው ይወርዳል። ሲወርድ ፍጥነቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከነበረው ያንሳል፤ ቢሆንም የሰው ራስ ቅል ሊበሳ ይችላል። የሚያርፈውም ተኳሹ በማያየው ሰው ላይ ነው። ደስታችንን በእልልታና በጭፈራ እንግለጽ፤ ጥይቱ ይቅር።

ለመወያያ፦
1. አሸዋ ከቆርቆሮ ይልቅ ጥይት የሚይዘው ለምንድን ነው?
2. በቤታችን ዙሪያ ተኩስ ሲነሣ ልጆችን የት እናስተኛለን?