ለዘንድሮ ጂሲዎች፦ ፕሮጀክታችሁን መደርደሪያ ላይ አትቅበሩት

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ወይም ደግሞ ነው፤ አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

የዲፌንስ ሰሞን ላይ ነን። ሱፍ ለብሶ፣ ከረቫት ከዶርም ጓደኛው ተውሶ፣ ሌሊቱን ስላይድ ሲያስተካክል ያደረ ተማሪ በየዲፓርትመንቱ በር ላይ ቆሟል። ስማችሁ ሲጠራ ትገባላችሁ፣ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ታቀርባላችሁ፣ መምህራኑ ይጠይቃሉ፣ ትወጣላችሁ። ውጪ አበባ የያዙ ጓደኞች አሉ፤ ፎቶ ትነሳላችሁ። ደስ ይላል። ስንት ዓመት የተለፋበት ነው፤ ማንም ደስታችሁን አይቀማችሁም።

የኔ ጥያቄ ከፎቶው በኋላ ስላለው ነው። ያቺ በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘችው ወረቀት የት ገባች? ኮዱስ? ላቦራቶሪ ውስጥ ወራት የፈጀው ልኬትስ?

እውነቱን እንነጋገር። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሁሉ ርዕሶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም። የፋርማሲ ማኔጅመንት ሲስተም። የቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ። የቤተ መጻሕፍት ውሰት። የከተማው ስም ብቻ ይቀየራል፤ ባለፈው ዓመት ደብረ ታቦር የነበረው ዘንድሮ ወልድያ ይሆናል። ሲስተሙ ሎካልሆስት ላይ ይወለዳል፣ ሎካልሆስት ላይ ይሞታል። ስሙ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ጤና ጣቢያ ሲስተም እንደተሠራለት አያውቅም። የካርድ ክፍሏ እህታችን አንድ ቀን መጥተው የጠየቋት ልጆች የት እንደደረሱ አታውቅም፤ ዛሬም ካርድ የምትፈልገው ከመደርደሪያ ላይ በእጇ ነው። ጭራሽ ቴሌግራም ላይ ከነዶክመንቱ፣ ከነኮዱ የተዘጋጀ ፕሮጀክት ይሸጣል። ስም ቀይሮ ማቅረብ ነው። «ዋናው ማለፉ ነው» እየተባለ።

እዚህ ላይ ሁሉንም ተማሪው ላይ አልጭንም። አንድ አድቫይዘር ስንት ቡድን እንደሚይዝ እናውቃለን። ኔትወርኩን እናውቃለን፣ መብራቱን እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ፈተናውን ካላለፍክ ዲግሪ የለም፤ ስለዚህ ልቡ የተከፈለ ተማሪ ፕሮጀክቱን በቶሎ ገላግሎ ወደ ሞጁሉ ቢሮጥ አይገርምም። ሆኖም ይሄ ሁሉ እያለም ፕሮጀክቱ መሠራቱ አልቀረም። ወራት እየፈጀ ነው። ከተሠራ አይቀር ለምን ይቀበራል?

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። እኛ ስለ ፊደላችን ሲነሳ ማንም አይችለንም። የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን አቆጣጠር፣ የራሳችን ቁጥር እያልን ፕሮፋይላችን ላይ ግዕዝ እንለጥፋለን። ጥሩ ነው፣ እኔም እለጥፋለሁ። ግን ፊደሉን ከማሽን ጋር ያስማማው ማን ነው? ኢንጂነር አያና ብሩ በዘመናቸው ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት የደከሙት ስለ ፊደል ውበት ንግግር በማድረግ አልነበረም፤ ቁጭ ብለው ሠርተው ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ያንን ያስተካከሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ይህንን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በነሱ ልፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራ ደግሞ እዩት። «ስላልነገርኳችሁ» በሉ። አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ምክንያቱ አለ፣ አለመሆኑ አለ፣ ተናጋሪው አለ፣ የሚነገራቸው ሰዎች አሉ። ኮምፒውተር ይህንን ካልፈታ አማርኛ ገባኝ ማለት አይችልም። ይህንን የሚፈታውን ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለኦሮምኛ የሠራው ማይክል ጋሰር የሚባል በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረ ፕሮፌሰር ነው። ያክብርልን! ሰውየው ለቋንቋችን ውለታ ውሏል። እኛስ? በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ኮድ የሚጽፍ ስንት ባች አስመርቀን፣ የመቶውን ዘጠና የምዝገባ ሲስተም ላይ አሰማራነው።

ትንሽ ሥራ ምን ያህል እንደሚያድር ላሳያችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ባለሙያዎች 1,065 የዋልታ ዜናዎችን ወስደው ወደ 210,000 የሚሆኑ ቃላትን አንድ በአንድ ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው እያሉ ምልክት አደረጉባቸው። እ.ኤ.አ. 2006 አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሲጠቀምበት ኖሯል። ለምን? ለሌላ ሰው ስለተተወ። ሌላ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የአማርኛ የንግግር ስብስብ 100 ሰዎች 10,850 ዓረፍተ ነገሮችን ሲያነቡ የተቀዳ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 20 ሰዓት። ይህም ዓመታት አልፈውት ዛሬም ይጠቀሳል።

እስቲ ቁጥሩን አካፍሉት። 20 ሰዓት ለ100 ሰው፣ ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ። 12 ደቂቃ! እናንተ ካፌ ሰልፍ ላይ ከምትቆሙት ያነሰ። አንድ ባች ውስጥ 100 ተማሪ ቢገኝ፣ ከጎንደር የመጣው፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም የመጣችው እያንዳንዳቸው ሲናገሩ በፈቃዳቸው ቢቀዱ፣ አንድ የአምስት ሰው ቡድን ጽሑፉን ከድምፁ ጋር ቢያመሳክር፣ ዶክተሮች ያቆዩትን ያህል የሚያክል ነገር ከአንድ ዶርም ይወጣል። ያውም በልዩ ልዩ የአነጋገር ዘዬ። የተናጋሪውን ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ ፈቃዱን መጠየቅና ዕድሜውንና ያደገበትን አካባቢ መመዝገብ ይበቃል።

ከዚህም ያነሰ ርዕስ ትፈልጋላችሁ? «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይቀየር በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ጸ እና ፀ ሁለት ናቸው፤ ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ደግሞ ስድስት። አንድ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን የማያገኝ የመፈለጊያ ሳጥን በየድረ ገጹ ሞልቷል። ይህንን የሚያስተካክል፣ ግን የመጀመሪያውን አጻጻፍ የማያጠፋ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ቆንጆ የመመረቂያ ሥራ ነው። ለኤግዛሚነሩ የምትመልሱት ጥያቄም አያጣውም፤ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ታያላችሁ።

የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ልጆች፣ አልረሳኋችሁም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት አካባቢ ብዙ ነው፤ ወንጂ ላይ ጥርሳቸው የቡና ቀለም ይዞ የሚያድጉ ልጆችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ተማሪዎች ሄደው ውኃ ይቀዳሉ፣ ይለካሉ፣ ግራፍ ይሠራሉ፣ በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ፣ ኤ ያገኛሉ። ውኃውን የምትጠጣው እናትስ? የሷ ጉድጓድ ስንት እንደወጣ ማን ነገራት? ጥናቱ ስለሷ ነበር እኮ!

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ዲፌንስ ሁለት ይሁን። አንዱ እንደተለመደው ለመምህራኑ፣ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛው ጥናቱ ለተሠራላቸው ሰዎች፣ በሚናገሩት ቋንቋ። ጤና ጣቢያ ከሆነ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ውኃ ከሆነ አድቫይዘራችሁ ውጤቱን ካረጋገጠላችሁ በኋላ ከወረዳው ውኃ ባለሙያ ጋር ቀበሌው ድረስ። አማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ከሆነ በሲዳምኛ። ስላይድ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ሥራውን በእናቱ ቋንቋ ለእናቱ ማስረዳት ያልቻለ ተመራቂ ሥራውን አያውቀውም፤ የገዛው ሰው ደግሞ እዚያው ይጋለጣል። ኤግዛሚነርን በእንግሊዝኛ ጭጋግ ማለፍ ይቻላል፤ የካርድ ክፍሏን እህት ግን አታልፏትም። «ታዲያ መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?» ትላችኋለች። እንደሱ ያለ ጥያቄ ሦስት ፕሮፌሰር ሰብስባችሁ አታገኙም።

«ሐሳባችንን ቢሰርቁንስ?» የሚል ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሐሳብ ከተሰረቀው በምን ይሻላል? ስምህና ቀኑ ያለበት ኮድ ጊትሀብ ላይ ከተቀመጠ ቀድመህ መሥራትህ ይታያል። ሥራ ስትፈልግም ከሲቪህ በላይ እሱ ይናገርልሃል። «የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ ምርምር አይጠበቅብንም» የሚሉትም ልክ ናቸው፤ ማንም አዲስ ግኝት አልጠየቀም። 3,000 የተጣሩ ዓረፍተ ነገሮች ወይም 40 የተለኩ ጉድጓዶች፣ የሚቀጥለው ባች ከዚያ እንዲነሳ በደንብ ተጽፈው ይቀመጡ ነው የምንለው። አሁን እኮ ሁሉም ባች የሚነሳው ከዜሮ ነው።

የከርሞ ጂሲዎች፣ ርዕስ የሚጸድቀው ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ነውና ክረምቱን ተጠቀሙበት። ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ የወፍጮ ቤቱን፣ የመስኖውን፣ የጤና ኬላውን ሰው ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቁትና ይዛችሁ ተመለሱ። ዘንድሮ ያቀረባችሁት ደግሞ ላፕቶፑን ለታናሽ ወንድማችሁ ከማስረከባችሁ፣ እሱም ለጌም ብሎ ፎርማት ከማድረጉ በፊት፣ ኮዱንና ዳታውን አውጡና ስቀሉት። ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ሁለት አንቀጽ በአማርኛ ጨምሩበት።