ቁልቁለቱ አላለቀም

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በፃግብጂ ወረዳ ተራሮች መሀል የሚጓዝ ሰው አድማስ አያይም። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ገመገም፣ ከፊት ደግሞ ሌላ ሸንተረር ይደቀንበታል። አንዱ ወዲህ ያዘነበለ፣ ሌላው ወዲያ የጋደለ ነው። መኪናው ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሶ ዘና ወዳለ መንገድ ሲገባ ተሳፋሪው «እፎይ፣ ሜዳ ደረስን» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሜዳ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ረገብ ብሎ ቀጥሏል። የዙሪያው አቀማመጥ ትንሽ ካገዘው ደግሞ ዓይን ያንኑ ቁልቁለት ጨርሶ ዳገት አድርጎ ያየዋል። ሾፌሩ ቆም ብሎ ማርሹን ፎሌ ቢያደርግና ፍሬኑን ቢለቅ፣ መኪናው «ዳገቱን» በራሱ ጊዜ ይያያዘዋል።

በዚህ ዝና ያተረፉ መንገዶች በየአገሩ አሉ። ኬንያ ውስጥ በማቻኮስ ከተማ አቅራቢያ ክያምዊሉ የሚባል ቦታ አለ፤ ጎብኚው ውሃ ከጠርሙስ ያፈስና ሽቅብ ሲሄድ እያየ ይገረማል። በሕንድ ላዳክ፣ ከሌህ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ክስተቱ የመሬት ስበትን እንደሚጥስ የሚያውጅ ቢጫ ሰሌዳ ተተክሏል። ካናዳ ውስጥ የሞንክተን ከተማው ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ1933 በጋዜጠኞች ወሬ ገንኖ፣ ዛሬ በክፍያ የሚገባበት መዝናኛ ሆኗል።

የካናዳውም የሕንዱም መጠሪያ «የማግኔት ኮረብታ» ነው። ማግኔት ነው ማለት ደስ ይላል፤ ገበያም አለው። መኪና ጎትቶ ዳገት የሚያወጣ ማግኔት ቢኖር ግን የሾፌሩን ቁልፍ ከኪሱ በነጠቀው ነበር። ደግሞስ ውሃንና የልጆችን የጨርቅ ኳስ ከማግኔት ምን አገናኛቸው? እነሱም እዚያው መንገድ ላይ ሽቅብ የሚሄዱ ይመስላሉ።

ስኮትላንዳውያን ከዚህ የተሻለ ሠርተዋል። በኤርሸር ባሕር ዳርቻ ክሮይ ብሬ የሚባል መንገድ አላቸው። ኤሌክትሪክ አዲስ ተአምር በነበረበት ዘመን ሰው መኪናውን የሚስበው እሱ መስሎት «የኤሌክትሪክ ዳገት» ብሎታል። አሁን መንገዱ ዳር የቆመው ድንጋይ እውነቱን በቁጥር ጽፎ ይዟል፦ አንደኛው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 286 ጫማ፣ ሌላው 303 ጫማ። ልዩነቱ 17 ጫማ ነው፤ በየ86 ሜትሩ 1 ሜትር እንደማለት። ዓይን ግን ዝቅተኛውን ጫፍ ከፍተኛ ያደርገዋል። ድንጋዩን ያነበበ ሰውም መኪናው ሲንቀሳቀስ መደነቁ አይቀርም፤ ማወቅ ዓይንን አይፈውስማ።

ምክንያቱን በወጉ የመረመሩት በጣሊያን የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዋ ፓኦላ ብሬሳንና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት መንገዶቹን በጠረጴዛ ላይ በሞዴል ሠርተው ሰው እንዲያይ አደረጉ። አድማሱ ሲሸፈን ወይም ሲዛነፍ ተመልካቹ ደልዳላው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። ረገብ ያለ ቁልቁለት ከኃይለኛ ቁልቁለት ጋር ሲቀጣጠል ደግሞ ረገብ ያለው ዳገት ይመስላል። ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነዴኒስ ፕሮፊት ጥናት 5 ዲግሪ ብቻ የሆነውን ዳገት ሰዎች 20 ዲግሪ ገደማ አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቶ ነበር።

ዓይን ተዳፋትን እንደሚያሳስት ለእርከን ሠሪ አዲስ ነገር አይደለም። በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ ሁለት ሰዎች ልኬት ያላቸው ሁለት እንጨቶች ያቆማሉ፤ በመካከላቸው ገመድ ይወጠራል፤ ሦስተኛው ሰው ገመዱ መሀል የተንጠለጠለችውን ውሃ ልክ ያነባል። የውሃ ልክ አረፋ መሀል ካልገባች ሰዎቹ «ልክ ነው» አይሉም። በዓይን ግምት የተሰመረ እርከን ጎርፉን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቦ እዚያው ይጣሳል። ዝናብ ሲመጣ የሚሸሸግ ስህተት የለም።

ለእርከን የተሰጠው ይህ ጥንቃቄ ለመንገዱም ይገባዋል። የፓዶቫ ተመልካቾችን ያታለለው አቀማመጥ በተራራ መንገድ ላይ የጫነ መኪና ይዞ የሚወርደውን ሾፌርም ሊያታልል ይችላል። ኃይለኛው ቁልቁለት ሲያልቅ ሜዳ የደረሰ መስሎት ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ ያደርጋል። ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ሲወርድ የጋለው ፍሬን ላይ ያርፋል። ቁጠባውም ቢሆን ከንቱ ነው፤ በማርሽ የሚወርድ ዘመናዊ ሞተር ነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቆማል።

የመንገዱ ተዳፋት ስንት በመቶ እንደሆነ መንገዱን የቀየሰው መሐንዲስ ያውቀዋል፤ በንድፉ ላይ በየርቀቱ ተጽፏል። ቁጥሩ ከቢሮ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ወጪው አንድ ብረትና ጥቂት ቀለም ነው። ሰሌዳው «ቁልቁለቱ አላለቀም» ይበል። ቦታው ግን እንደለመድነው ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ እዚያማ ገደሉን ማንም ያየዋል። ከታች፣ መንገዱ ረገብ የሚልበት፣ ተሳፋሪው «እፎይ» የሚልበትና የሾፌሩ እጅ ወደ ማርሹ የሚሄድበት ቦታ ላይ ይተከል።