ርኅራኄ ብቻውን አያስተምርም

ደግነት በአገራችን የተመሰገነ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ደግነት የዕውቀትን ወንበር ቀምቶ ሲቀመጥበት ከክፋት የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከክፉዎች ጋር አይደለም፤ ከደጎች ጋር ነው። ማየት ወይም መስማት የተሳነውን፣ አእምሮውም ከእኩዮቹ ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ ስለሚያስተምር መምህር ወሬ ሲነሣ፣ «ለእነዚህ ልጆችማ የሚያስፈልጋቸው ርኅሩኅ ልብ ነው፤ ዲግሪ ምን ያደርግላቸዋል?» ሲባል እሰማለሁ። በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ሁሉ መልካም የተናገሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህ አባባል የርኅራኄ ልብስ የለበሰ ንቀት ነው እላለሁ።

ማንም ሰው ልጁ ሲታመምበት ደግ ሰው ፈልጎ አይሄድም፤ ሐኪም ፈልጎ ይሄዳል። ቤት የሚያሠራም ግንበኛ ይቀጥራል እንጂ የግንበኛውን ደግነት ብቻ ጠይቆ ድንጋዩን አያስረክብም። ሐኪሙም ግንበኛውም ደጎች ቢሆኑ እሰየው፤ አስቀድሞ ግን ሙያቸውን ማወቅ አለባቸው። ታዲያ ነገሩ የዓይነ ስውር ልጅ ሲሆን ሙያው ቀርቶ ደግነቱ ብቻ የሚበቃው ስለ ምንድን ነው? መልሱ መራራ ነው፤ ከዚያ ልጅ ምንም ነገር ስለማንጠብቅ ነው። ከሚማር ልጅ ፍሬ ይጠበቃል፤ ከሚታዘንለት ልጅ ግን አርፎ ከመቀመጥ በቀር የሚጠበቅ የለም። ምጽዋት የዛሬን ምሳ ይሰጣል፤ የነገን እንጀራ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ስሕተት ተሸክሞ ኖሯል። ጆሮው የማይሰማውን ሰው አባቶቻችን «ደንቆሮ» አሉት፤ ዕውቀት የሌለውንም እንዲሁ «ደንቆሮ» አሉት፤ «ድንቁርና» የሚለው ቃልም ከዚሁ ወጣ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ። አለመስማት የአካል ነገር ነው፤ አለማወቅ ግን ያለመማር ውጤት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ሳያውቅ ቢያድግ፣ በዓይኑ የሚገባለትን ቋንቋ የሚያስተምረው ስላላገኘ ነው እንጂ ጆሮው ስላልሰማ አይደለም። እንግዲያስ እናንተው ፍረዱ፤ ድንቁርናው የማን ነው? የተማሪው ነው ወይስ የተማሪውን ቋንቋ ሳይማር ሊያስተምረው የቆመው መምህር? «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ለብዙ ነገር እውነት ይሆናል፤ ቋንቋ ሳይሰጡት ዝም ያሰኙት ልጅ አእምሮ ግን ይነቅዛል።

ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። መስማት የተሳነው አንድ ልጅ ከሚሰሙት ልጆች ጋር ሦስት ዓመት ተቀምጧል። መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ልጁን ከፊት ያስቀምጠዋል፤ ራሱን ይዳብሰዋል፤ ደብተርና እርሳስም ከደመወዙ ይገዛለታል። እንግዳ ሲመጣ የልጁን ደብተር አውጥቶ ያሳያል። እኔም አየሁት። ጽሕፈቱ ከክፍሉ ሁሉ ያማረ ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው አንዲት ነጥብ አልቀረችም። በጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ፣ ጠመኔና አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበሩ። ከደብተሩ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል በጣቴ ነክቼ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እንዲያሳየኝ በእጄ ጠየቅሁት። ልጁ ፊቴን አየ፤ ፈገግ አለ፤ ከዚያም እርሳሱን አንሥቶ «ውሃ» የሚለውን ቃል ከሥሩ ደግሞ አሳምሮ ጻፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥዕል ሲሥል ኖሯል እንጂ አልተማረም። መምህሩን የጎደለው ፍቅር አልነበረም፤ ዕውቀት ነበር።

ይህን ስናገር የአሜሪካዊቱን የሔለን ኬለርን ታሪክ የሚጠቅሱልኝ አሉ። ሔለን በ19 ወር ዕድሜዋ ታማ ማየትንም መስማትንም አጣች። አን ሳሊቫን የምትባል የ20 ዓመት መምህርት እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1887 አላባማ ከሚገኘው ቤታቸው ደረሰች። ኤፕሪል 5 ቀንም በውሃ መሳቢያው አጠገብ የልጅቱ አንድ እጅ ላይ ውሃው እየፈሰሰ፣ በሌላው መዳፏ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል በጣት ፊደል ጻፈችላት። ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ልጅቱ ያን ጊዜ ገባት። በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ በዲግሪ ተመረቀች። «አየህ፣ ፍቅር ያደረገውን ተአምር!» ይሉኛል።

እንዲህ የሚሉት ታሪኩን ከመካከሉ ስለሚጀምሩት ነው። አን ሳሊቫን ራሷ ዓይኗ የደከመ ነበር፤ ቦስተን በነበረው በፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ተምራ በ1886 ጨረሰች። የጣት ፊደሉን ያወቀችው እዚያ ነው። ወደ አላባማ ከመሄዷም በፊት፣ ዶክተር ሳሙኤል ሃው ማየትና መስማት የተሳናትን ላውራ ብሪጅማንን ከ1837 ጀምረው እንዴት እንዳስተማሩ የጻፉትን መዝገብ ወራት ወስዳ አጠናች። እንግዲህ ተአምር ከተባለው ከአንድ ወር ሥራ በስተጀርባ የስድስት ዓመት ትምህርትና የ50 ዓመት ልምድ ነበረ። «እርሷስ ዲግሪ አልነበራትም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አልነበራትም። ነገር ግን ዲግሪ ማለት እርሷ በየመዝገቡ ፈልጋ ያገኘችውን ዕውቀት በሥርዓት አሰናድቶ ለብዙ ሰው የሚያድል መንገድ ነው። በየገጠሩ ላለው ልጅ ሁሉ አንዳንድ አን ሳሊቫን በአጋጣሚ እስክትወለድለት መጠበቅ አንችልም።

ሙያው ምን እንደሚጠይቅ በጥቂቱ እንመልከት። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ዓይኑን በወስፌ ተጎድቶ የብርሃን ጸጋውን አጣ፤ በ1829 ግን በስድስት ነጥብ የሚጻፈውን ጽሕፈት አሳተመ። የእኛ ፊደል አናባቢውን በቅርጹ ውስጥ ይዞ ይጻፋል፤ በአማርኛ ብሬል ግን ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ወረቀቱ በእጅ ሲወጋ ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ተገልብጦ ሲነበብ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይህን ያልተማረ መምህር የተማሪውን ፈተና ማረም እንኳ አይችልም፤ «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ በቀር ምን ያደርጋል? የምልክት ቋንቋም በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ በሁለት ሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

አእምሮው ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ እጅ መታጠብ የሚያስተምር መምህር ሥራውን ከፋፍሎ ያያል፤ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማራስ፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ማድረቅ። ልጁ የቱ ላይ እንደቆመ ይመዘግባል፤ አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው አይቸኩልም። ለእያንዳንዱም ልጅ እንደ አቅሙ የተለየ ዕቅድ ያወጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለሌላው ማጽናኛ ነው፤ ለዚህ መምህር ግን የሥራ መመሪያ ነው።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲናገር ልጆቹ ይማሩ ብሎ ብቻ አያልፍም፤ የምልክት ቋንቋና ብሬል የሚያውቁ መምህራን እንዲቀጠሩ፣ ከእነርሱም መካከል ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑ እንዲገኙበት ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርትን በዲግሪ ያስተምራል። ሆኖም ልጁን ከስልሳ ልጆች መካከል አስቀምጦ፣ ሙያውን የማያውቅ መምህር ሰጥቶ፣ «አካቶ ትምህርት ጀመርን» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ አለቃ አይጠፋም። ማካተት ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ማጎር አይደለም፤ በአንድ ትምህርት መካፈል ነው።

አሁን ነገሬን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመልስ። ከእናንተ መካከል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲደርሳችሁ የምታፍሩ አላችሁ። «ምን ልትማር ነው?» ስትባሉ «ምድቤ ሆኖ ነው» እያላችሁ አንገታችሁን ትደፋላችሁ። ሕግና ሕክምና የደረሳቸውን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። ለጤነኛ ጆሮ የሚናገር ሰው በየመንገዱ ሞልቷል፤ ለማይሰማ ልጅ ቃል የሚያደርስ ግን ብዙ ዓመት የደከመ ብቻ ነው። ማፈር የሚገባው የቱ እንደሆነ አስቡ።

ከዚህ የሚብሱት ግን የማያፍሩት፣ ነገር ግን ወረቀቱን ብቻ የሚሹት ናቸው። የብሬሉን መልመጃ ጓደኛቸው ይወጋላቸዋል፤ የምልክት ቋንቋውን ለፈተና ቀን ሸምድደው በማግስቱ ይረሱታል፤ ከዚያም ጥቁር ካባ ለብሰው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በማንኛውም ሙያ መኮረጅ ሌብነት ነው፤ በዚህ ሙያ ግን የተለየ ሌብነት ነው። ሌላው ተማሪ መምህሩ አላዋቂ ቢሆንበት ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ይናገራል፤ እናቱም ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታ ትጮኻለች። ይህ ልጅ ግን መምህሩን በምን ቋንቋ ይክሰሰው? የሚከስበትን ቋንቋ ሊሰጠው የሚገባው ያው መምህር ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ እርሱ ግን የቀረበት ሹመት አይደለም፤ «አልገባኝም» የምትለዋ ቃል ናት። ሊከስ ከማይችል ሰው የሚሰርቅ፣ ከሌቦች ሁሉ የወረደ ነው።

«ደመወዙስ?» የሚለኝ ወጣት ትክክል ጠይቋል። የመምህር ደመወዝ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን ማስተካከል የመንግሥትና የሕዝብ ዕዳ ነው፤ እኔም በመንፈሳዊ ምክር አልሸፍነውም። ነገር ግን ደመወዝ ማነሱ ሥራን ለመተው ምክንያት ይሆን እንደሆነ እንጂ፣ ሥራን ሳያውቁ ለመያዝ ምክንያት አይሆንም። ያነሰው ገንዘብ የልጁ ጥፋት አይደለም።

የሚገኘው ፍሬ ትልቅ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔ ግን በታላላቆቹ ብቻ ልከራከር አልወድም፤ ዓለም የሚሸልመው ልጅ ብቻ ሊማር ይገባዋል የሚል ሌላ ንቀት እንዳይወለድ እፈራለሁ። ሱቅ ሄዶ የገንዘቡን መልስ ቆጥሮ የሚቀበል ልጅ፣ የሸሚዙን ቁልፍ በራሱ የሚቆልፍ ልጅ፣ ሆዷን ሲያማት የቱ ጋ እንደሆነ ለእናቷ በምልክት የምትነግር ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከሽልማቱ አያንሱም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ወይም መንገዱ እናንተን መርጧችሁ ከሆነ፣ ርኅራኄያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ነገር ግን በእርሱ አትመኩበት። ርኅራኄ ወደ ክፍሉ በር ያደርሳችኋል፤ ከበሩ ወዲያ የሚያስፈልገው እጃችሁ የሚያውቀው ነገር ነው። ስድስቱን ነጥብ በጨለማ እስክትለዩ ተለማመዱ። የምልክት ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከባለቤቶቹ፣ መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ዘንድ ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። በምረቃ ቀን የምትቀበሉት ወረቀት ስማችሁ የተጻፈበት ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ገና ያላያችኋቸው ልጆች የመማር መብት የተጻፈበት ሰነድ ነው። የእነርሱን ዕዳ ሳትከፍሉ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት።