ትንሿ ስፌት ስንት ናት?

በሐረር፣ በአቦከር፣ ብዙ ልጅ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ አፉን ፈትቶ አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የስም ጾታን «ይህ ተባዕታይ፣ ያ አንስታይ» እያሉ በዝርዝር ማስጠናት መቅረት አለበት እላለሁ። ሰው ያልሆነ ነገር ላይ ሲደርስ የአማርኛ ጾታ በአብዛኛው ተናጋሪው የሚመርጠው እንጂ ከስሙ ጋር የተቆራኘ አይደለም። ገበያ ወጥቶ ማየት ይበቃል፤ ገዢ ግድግዳ የሚሞላውን ትልቅ ስፌት «ይሄ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ከጎኑ ያለችውን ትንሿን «ይቺስ ስንት ናት?» ይላል። ስሙ አንድ፣ አለላው አንድ፣ ጾታው ግን ሁለት። ሻጯ ልታሻሽጥ ስትፈልግ ደግሞ ትልቁንም ቢሆን «እቺን ውሰዳት» ትላለች፤ አሁን የለወጠው መጠን ሳይሆን ማቆላመጥ ነው። የሐረር ጅብ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሥጋ ሊበላ ሲመጣ «ጅቡ መጣ» ነው የምንለው። በዚህ ዝርያ ግን መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ብልቷም የወንዱን ስለሚመስል በዓይን መለየት ይቸግራል። አይጥን ደግሞ ወንድ ትሁን ሴት ሳንመረምር «አይጧ» እንላታለን።

ፖላንድኛ እንዲህ አይደለም። እዚያ ጠረጴዛ ስላነሰ ወይም ስለተወደደ ጾታው አይለወጥም። ተባዕታይ ስሞች እንኳ ነፍስ ባለውና በሌለው ተለያይተው፣ ተሳቢ ሲሆኑ ውሻ መልኩን ይቀይራል፣ ጠረጴዛ እንዳለ ይቀራል፤ በብዙ ቁጥር ደግሞ ወንድ ሰዎች ያሉበት ቡድን ለብቻው ቅርጽ አለው። ለእንዲህ ያለ ቋንቋ ዝርዝር መሸምደድ ያስኬዳል። ለአማርኛ ግን ልጁ የሰማውን እውነት ስህተት ያደርግበታል።

«ታዲያ ሁሉም ትክክል ከሆነ ፈተናው ምን ይሁን?» የሚል መምህር አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም ትክክል አይደለም። «እናቴ መጣ» ስህተት ነው፤ ፀሐይም፣ ጨረቃም፣ ምድርም በአንስታይ ጸንተዋል። የፀሐይ አንስታይነት እንዲያውም ለኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ አዲስ አይደለም፤ በቋንቋው «አዱን ባቴ» ሲል ግሡ አንስታይ ነው። የጸናውን እንደጸና ያስተምሩት። «መኪናው ተበላሸ» እና «መኪናዋ ተበላሸች» ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን አንዱን በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ይቅር፤ ጥያቄው የትኛው መቼ፣ በምን ስሜት እንደሚባል ይሁን።