ኑግ ሸጦ የሚረጋ ዘይት መግዛት ይታሰብበት

በጎጃም፣ በጎንደርና በወለጋ ኑግ አብቃይ ቀበሌዎች በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ። አርሶ አደሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኑጉን ወቅቶ ገበያ ያወጣል፤ ሲመለስ ከውጭ የገባ የፓልም ዘይት በጀሪካን ይዞ ይገባል። የሁለቱ ዋጋ በሚገባ ይመዘናል፤ ለቤተሰቡ ጤና የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ግን እምብዛም አይመዘንም።

በኃይል ሰጪነት ሁለቱ ዘይቶች አይበላለጡም። 100 ግራም ዘይት ከየትኛውም ቢሆን 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ የቅባቱ ዓይነት ላይ ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው፤ በደጋ ብርድ ነጭ ሆኖ የሚጋገረውም ለዚህ ነው። ይህ ቅባት ሲበዛ በደም ውስጥ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ በማድረግ ለልብና ለደም ሥር ሕመም ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዕለት ምግብ ኃይል ውስጥ የሚረጋ ቅባት ድርሻ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ይመክራል።

በኑግ ዘይት ውስጥ የሚረጋው ቅባት ከመቶ 20 አይሞላም። ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችለውና ከምግብ ብቻ የሚያገኘው ቅባት ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ የዚህ ቅባት መጠን ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ የፓልም ዘይት የራሱ ብልጫ አለው። በዋጋ ይረክሳል፤ ለመጥበሻ እሳት ይበልጥ ይጸናል፤ ቶሎም አይበላሽም። የኑግ ዘይት በብርሃንና በሙቀት ፈጥኖ ይሻግታል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ መጨመቅ፣ በተከደነ ዕቃ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥና ደጋግሞ አለመጥበስ ያስፈልጋል። የትኛውም ዘይት ቢሆን ሲበዛ እንደሚጎዳም መዘንጋት የለበትም።

ገንዘብ የሚያስፈልገው አርሶ አደር ኑጉን መሸጡ አያስወቅሰውም። ሁሉንም ሲሸጥ ግን ፋጉሎውም አብሮ ይሄዳል። ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን ያለውን ይህን መኖ በኋላ ለላሟና ለሚደልበው በሬ በውድ ዋጋ ይገዛዋል። ኑጉ ከቀበሌው ሳይወጣ ቢጨመቅ ዘይቱ ለወጥ፣ ፋጉሎው ለከብት ይሆናል። ማሳው ሲያብብ ደግሞ ንቦች ይቀስሙታል፤ ኑግም ያለ ንብ በሚገባ አያፈራም።

እዚህ ላይ የወረዳ አመራሩ ድርሻ ጉልህ ነው። የኑግ ምርት በሄክታር ዝቅተኛ ሆኖ ከቀጠለ አርሶ አደሩ ወደ ሌላ ሰብል ማዘንበሉ አይቀርም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተሻሻለ ዘር በወቅቱ ማቅረብ፣ በአበባ ወቅት ንብ የሚገድል ኬሚካል እንዳይረጭም መከታተል አለባቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጋራ የዘይት መጭመቂያ ቢተክሉ፣ ፋጉሎውም ለባለ ኑጉ እንዲመለስ ቢያደርጉ ይበጃል። የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ስለ ዘይት በየፊናቸው ከማስተማር ይልቅ በአንድ መድረክ ቢያስተምሩ ውጤቱ ይሰምራል።

አርሶ አደሩም በመጪው ምርት ቢያንስ አንድ ኩንታል ለጓዳው ያስቀር። ከክብደቱ ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆነው ዘይት ነውና፣ ከፋጉሎው ጋር የሚቀረው ተቀንሶም ቢሆን ቤተሰቡን ለወራት ያገለግላል። ለገበያ የሚተርፈውን መሸጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።