የመድን ወኪል ለመሆን ለተነሡ የሰፈራችን ልጆችና ለጎረቤቶቻቸው



ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉት ልጆቻችን መካከል የመድን ወኪል ለመሆን የሚያስቡ አሉ። ይህን የሰማ አንዳንዱ ጎረቤት «ደግሞ ይኸ ምን ሥራ ነው? ከልመና በምን ይለያል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «የኛው ልጅ አይደል እንዴ» ብሎ ያላነበበውን ወረቀት ይፈርማል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልጁን አልጠቀሙትም።

በመጀመሪያ፣ መድን ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን እድር የመሠረትን ሰዎች ነን። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በእድር ሁላችንም እኩል እናዋጣለን፤ በመድን ግን አረቦኑ የሚተመነው እንደ ንብረቱ ዋጋና እንደ አደጋው ስጋት ነው። እድር በይሉኝታም በመተዛዘንም ይሠራል፤ መድን የሚሠራው በተጻፈ ውል ብቻ ነው። በአገራችንም የመድን ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቁሞ፣ ለረጅም ጊዜ ሥራው በመንግሥት እጅ ብቻ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለግል ኩባንያዎች ከተፈቀደ ወዲህ ነው ወኪል የሚፈልግ የበዛው።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፣ ሥራው ቦርሳ አንጠልጥሎ መዞር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 መሠረት ያለ ፈቃድ ወኪል ሆኖ መሥራት አይቻልም፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ገቢው በአብዛኛው ከተሸጠው አረቦን የሚታሰብ ኮሚሽን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባዶ ኪስ እንደሚያጋጥም አውቆ መግባት ያስፈልጋል። ወላጆችም «ዛሬ ስንት አመጣህ?» እያላችሁ አታስጨንቋቸው፤ የተጨነቀ ወኪል የማይሆነውን ይሆናል ብሎ ይሸጣልና።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ባለታክሲው የሦስተኛ ወገን መድን ስላለው ብቻ መኪናው ሲጋጭ የሚጠገንለት ይመስለዋል። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የሆነው ይህ መድን ሌላው ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና ጥገና አይደለም። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ወኪል ነገ በዚያው መንገድ እንዴት ቀና ብሎ ያልፋል?

ባለሱቋንም እንውሰድ። 600,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ይዘው፣ አረቦን እንዲቀንስላቸው 300,000 ብር ብለው ቢያስመዘግቡና 200,000 ብር ያህሉ ቢቃጠል፣ በተለመደው የእሳት መድን ውል የሚታሰብላቸው ግማሹ፣ ማለትም 100,000 ብር ገደማ ነው። ዕቃውን በግማሽ ዋጋው ስላስመዘገቡ የቀረውን ራሳቸው እንደተሸከሙት ይቆጠራል። «ዝቅ እናድርግልዎት እትዬ» ብሎ የሚያባብል ልጅ ደግነት የሠራ ይመስላል፤ ሆኖም በእሳቱ ማግስት ጉዱ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የእድራችን መዝገብ ለማንም ወኪል፣ የገዛ ልጃችንም ቢሆን፣ ተላልፎ መሰጠት የለበትም። በለቅሶ ድንኳን ውስጥም ስለ ሕይወት መድን ማውራት ነውር ነው። «ልጁን እንርዳው» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሐሳባቸውም ከቅንነት የመነጨ ነው። ነገር ግን ሐዘንተኛና ሽማግሌ «አይ» ለማለት ይቸግረዋል፤ በይሉኝታ የተገዛ መድን ደግሞ በሁለተኛው ዓመት አይታደስም። ያን ጊዜ ልጁ ደንበኛም ጎረቤትም ያጣል። ልንረዳው ከፈለግን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ሰጥተነው ያስረዳ፣ እኛም እንጠይቀው። መግዛት የፈለገ በራሱ ጊዜ ይሂድ።

ለነዋሪውም የምለው አለኝ። ወኪሉ የሚወክለው መድን ሰጪውን ኩባንያ መሆኑን አንርሳ። ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ገንዘብ ስንከፍል የኩባንያውን ደረሰኝ እንቀበል፤ ውሉ የማይሸፍነውን ነገር ቃል በቃል እናስነብብ። እኛም ስለ ንብረታችን እውነቱን እንናገር፤ የተደበቀ ነገር ካሳ ያስከለክላል።

የወኪል ማንነት የሚታወቀው በሸጠበት ቀን አይደለም። አደጋ ሲደርስ ስልኩን አንሥቶ፣ ማመልከቻውን አስጽፎ፣ ካሳው እስኪወሰን ከደንበኛው ጋር የሚመላለስ ልጅ ከተገኘ፣ ሰፈሩ ሁሉ ራሱ ይፈልገዋል። ይህን ለማድረግ የቆረጠ ይግባበት፤ ሥራው የተከበረ ነው። ለኮሚሽኑ ብቻ የሚገባ ግን ከጎረቤቱ ደጅ ባይደርስ ይሻላል።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ