ሁለት ሜዳ፣ አንድ ጉልበት

የሙግቱ ጥያቄ ይህ ነው፦ ፈጣን እግር የታደለ ሰው በአሜሪካን ፉትቦልና በአጭር ርቀት ሩጫ ጎን ለጎን ይዝለቅ ወይስ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው? ሁለት የስፖርት ጸሐፊዎቻችን ተሟግተውበታል። መነሻቸው የ110 ሜትር መሰናክል ሯጩና የፊላደልፊያ ኢግልስ ኳስ ተቀባይ የነበረው ዴቨን አለን ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይዝለቅበት

አይሆንም የሚባለውን ነገር ዴቨን አለን ገና ተማሪ ሳለ አድርጎታል። ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በሮጠበት በመጀመሪያው የውድድር ዓመት፣ በጁን 2014፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የመሰናክል ሻምፒዮና አሸነፈ። ወሩ ሳያልቅ ብሔራዊ ሻምፒዮናውንም ወሰደ። መኸር ሲገባ ስፓይክ ጫማውን አስቀምጦ፣ የራስ ቁር አጥልቆ ፉትቦል ሜዳ ገባና 41 ኳስ ተቀበለ፤ 7 ተችዳውን አስቆጠረ። ይህን ያደረገው አንድ ሰው ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ።

ከዚያ ወዲህ ያለውም ለእኔ ይመሰክራል። በኤፕሪል 2022 ከኢግልስ ጋር ፈረመ። ሁለት ወር አለፍ ሲል፣ ጁን 12 ቀን ኒው ዮርክ ላይ፣ 110 ሜትሩን በ12.84 ሰከንድ ጨረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ የፈጠኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የዓለም ክብረ ወሰኑም በ0.04 ሰከንድ ብቻ ነበር የሚርቀው። እንግዲህ ይህ ሰው በሕይወቱ የሮጠው ፈጣኑ ሩጫ የመጣው ፉትቦልን እርግፍ አድርጎ በተወበት ወቅት ሳይሆን የፉትቦል ውል ኪሱ ውስጥ ሳለ ነው።

እህቴ የዩጂኑን የዓለም ሻምፒዮና እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። ጁላይ 17፣ በተማረባት ከተማ፣ በፍጻሜው ላይ አለን ከመነሻው ተባረረ። መሣሪያው ሽጉጡ ከተተኮሰ በ0.099 ሰከንድ ተነሳ አለ፤ ደንቡ ደግሞ ከ0.100 በታች የተነሳ ሁሉ ቀድሞ እንደተነሳ ይቆጠራል ይላል። በግማሽ ፍጻሜው የተመዘገበለት 0.101 ነበር። ያን ቀን ሜዳሊያውን ያሳጣው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ነው። ለዚህ ፉትቦልን መክሰስ ዝናብ ስለዘነበ ጎረቤትን መክሰስ ነው።

ነገሩ ደግሞ የእንጀራም ጉዳይ ነው። በዚያ ሻምፒዮና ወርቅ ያጠለቀ ሯጭ ያገኘው ሽልማት 70,000 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ በኤንኤፍኤል የአንድ ጀማሪ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ 705,000 ዶላር ነበር። ዋናው ቡድን ውስጥ ሳይገባ በልምምድ ቡድን ብቻ የሚያዝ ጀማሪ እንኳ በሳምንት 11,500 ዶላር ያገኝ ነበር፤ 18ቱን ሳምንት ከዘለቀ ከ200,000 ዶላር በላይ ይሆንለት ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ከልምምድ ቡድን ተጫዋች ሲያንስ፣ ሯጩን «ለመሙ ታማኝ ሁን» ብሎ መምከር የሚቀለው ለማይከፍልበት ሰው ነው።

ከድሮ ጀምሮ ማንም አልተሳካለትም የሚለውን ክስም ልመልስ። የድሮዎቹን ያሰናከላቸው የአማተርነት ደንብ ነው እንጂ እግራቸው እምቢ አላላቸውም። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2:12:11.2 አሸነፈ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም፣ ቦብ ሄይስ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል የመጨረሻውን ዱላ ተቀብሎ ከኋላ ተነሳና ሁሉንም አልፎ ለአሜሪካ ወርቅ አስገኘ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ደመወዝተኛ ነው፤ አማተርነቱን የጠየቀው የለም። ሄይስ ግን ከዳላስ ካውቦይስ ደመወዝ ሲቀበል የኦሊምፒክ በር ተዘጋበት። ወታደር ሆኖ ደመወዝ መብላት ንጹሕ፣ ኳስ ተቀብሎ መብላት ርኩስ! ያ ደንብ ዛሬ የለም። የሌለ ደንብ የሠራውን ጥፋት በሰው ገላ ላይ ማላከክ አይገባም።

ሄይስ ወደ ፉትቦሉ ይዞት የሄደውን ፍጥነት ደግሞ አስቡት። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1965፣ ከ1,000 ያርድ በላይ ተቀበለ። ሰው በሰው ሊይዙት ቢሉ ስላመለጣቸው፣ ተጋጣሚ ቡድኖች ሜዳውን ተከፋፍለው የሚጠብቁበትን የዞን አከላከል እንዲያጠናክሩ ካስገደዱት ተጫዋቾች አንዱ እሱ ነው። በጃንዋሪ 1972 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። የኦሊምፒክ ወርቅና የሱፐር ቦውል ቀለበት አንድ ላይ ያለው ሰው እስካሁን እሱ ብቻ ነው።

አንዱን ይምረጥ

ወንድሜ የፊርማ ቀንና የውድድር ቀን አስልተው ጥሩ ነገር ያገኙ መስሏቸዋል። ፊርማ እግር አያከብድም። እግር የሚያከብደው በጁላይ መጨረሻ የሚከፈተው የልምምድ ካምፕ ነው፤ ከዚያም ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየሳምንቱ የሚመጣው ግጭት። ጁን 12 ቀን 12.84 የሮጠው ሰው ከ2016 መገባደጃ ጀምሮ የፉትቦል ጨዋታ ያልነካ፣ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ማንም ተከላካይ ያልጣለው ሯጭ ነበር። ያ ሰዓት የእኔ ማስረጃ ነው እንጂ የእርሳቸው አይደለም።

የ2014ቱን መኸርም ሲተርኩልን ታሪኩን ዲሴምበር ላይ አቁመውታል። ቀጣዩን ቀን እኔ ልንገራችሁ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2015፣ ሮዝ ቦውል ላይ፣ የጨዋታውን የመጀመሪያ ኳስ ይዞ ሲሮጥ የአለን የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። የሚቀጥለውን የመሰናክል ወቅት አጣው። በ2016 በጋ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ አምስተኛ ወጣ፤ ወር አለፍ ሲል፣ በሴፕቴምበር፣ ከኔብራስካ ጋር ሲጫወት ዳግም የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ! መሰናክል ሯጭ ሲወድቅ ክርኑ ይላጣል፣ አንዳንዴም ቋንጃው ይሸመቀቃል። የሚያስፈራው ግን ጉልበትን ከጎን የሚመጣ የመቶ ኪሎ ሰው ነው፤ በመሙ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ስለ ገላው ትንሽ ልቆይበት፤ ሙግቱ ያለው እዚህ ነውና። 110 ሜትር መሰናክል አሥር አጥር ነው፤ ቁመታቸው 106.7 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀታቸው 9.14 ሜትር። በሁለት አጥር መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ብቻ ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ሯጩ ዓመት ሙሉ የሚለማመደው ያችን ሦስት እርምጃ ሳይሰበር አሥር ጊዜ መድገምን ነው። ኳስ ተቀባይ የሚለማመደው ተቃራኒውን ነው፦ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ድንገት መቆም፣ ወገብ ሰብሮ መታጠፍ፣ ተከላካዩ እርምጃውን እንዳያውቅበት ምቱን ማዛባት። አንዱ ስፖርት ምቱን አጥብቅ ሲል ሌላው አፍርስ ይላል። ክብደቱም አለ። ፉትቦል ተጫዋች ምት ለመቻል ጡንቻ ይጨምራል፤ የጨመረውን እያንዳንዱን ኪሎ ግን ሯጩ በአጥር ላይ አንስቶ ማሳለፍ አለበት።

ጊዜውስ? ሯጭ ሴፕቴምበር ላይ ያርፋል፤ ከኦክቶበርና ኖቬምበር ጀምሮ ለቀጣዩ በጋ ውድድር መሠረት ይጥላል። የፉትቦል ወቅት የሚውለው ልክ በእነዚያ ወራት ላይ ነው፣ እስከ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ። መሠረት ሳይጣል ግድግዳ አይቆምም።

ይህን ዲ ኬ ሜትካፍ አሳይቶናል። ኤንኤፍኤል ውስጥ በፍጥነቱ ስሙ የሚነሳ ተጫዋች ነው፤ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ። በሜይ 2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ 100 ሜትር ሊሮጥ ቀረበ። 10.37 ሰከንድ፣ ከምድቡ መጨረሻ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት፤ እኔም ድፍረቱን አደንቃለሁ፣ ለዚያ ገላ ሰዓቱ የሚገርም ነው። ነገር ግን በመሙ ላይ የሰንበት እንግዳ ነበር።

ሄይስን በተመለከተ ደንቡ ክፉ እንደነበር አልክድም። ግን ውጤቱን እንየው። ቶኪዮ ላይ 100 ሜትሩን በ10.0 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ተስተካክሎ አሸነፈ፤ የሮጠው በእርምጃ ተወዳዳሪዎች በተቦጫጨቀው የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ አንድ እግሩን የተዋሰው ጫማ አጥልቆ ነው። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፤ ከቶኪዮ በኋላ ኦሊምፒክ አልሮጠም። በኦክቶበር 1968 ጂም ሃይንስ ሜክሲኮ ላይ 9.95 ሲሮጥ ሄይስ ገና 25 ዓመቱ ነው፣ ለዳላስ እየተጫወተ። አበበ ቢቂላ እኮ በዚያው ኦሊምፒክ ሦስተኛ የኦሊምፒክ ማራቶኑን ሊሮጥ ተሰልፏል፤ ጉዳት ቢያስወጣውም ዕድሉ ነበረው። ሃይንስም ከሁለት ወርቅ በኋላ ፉትቦል ገባ፤ ከማያሚና ከካንሳስ ሲቲ ጋር ጥቂት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ወጣ። የዚያው ኦሊምፒክ የ200 ሜትር ሻምፒዮን ቶሚ ስሚዝም ለሲንሲናቲ ቤንጋልስ የተቀበለው ኳስ አንድ ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሬናልዶ ነህማያ ነው። በ1981 ዙሪክ ላይ በ12.93 ከ13 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው የመሰናክል ሯጭ ሆነ። በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በአሜሪካ ተቃውሞ አምልጦታል። በ1982 ከሳን ፍራንሲስኮ 49ኤርስ ጋር ፈረመ፤ በሦስት ወቅት 43 ኳስ ተቀበለ። የ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም በገዛ አገሩ ሲካሄድ አመለጠው። ወንድሜ «ደንቡ ነው» ይላሉ። ይሁን። ደንቡ በ1986 ሲላላለት ወደ መሙ ተመለሰ፤ ከ13 ሰከንድ በታች ግን ዳግም አልገባም።

ይዝለቅበት፤ መልስ

እህቴ ስለ ጉልበቱ የተናገሩትን አልክድም። ሆኖም ጃንዋሪ 2015 የተበጠሰ ጅማት ይዞ አለን በ2016 የኦሊምፒክ ፍጻሜ ገባ። ከዚያ ፉትቦሉን ሙሉ በሙሉ ትቶ ለመሙ ብቻ ሲኖር፣ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ 13.14 ሮጦ አራተኛ ወጣ፤ ነሐሱን በ0.04 ሰከንድ አጣው። አንዱን የመረጠበትም ጊዜ ሜዳሊያ አላመጣለትም። ታዲያ ምርጫው ምን ጨመረለት?

ሁሉም ነገር ቅደም ተከተል ነው እንጂ ጎን ለጎን አይደለም ለሚሉኝ ዊሊ ጎልትን እጠራለሁ። በኦገስት 1983 ሄልሲንኪ ላይ በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል በ37.86 የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበሩት አራቱ አንዱ ነው፤ በመሰናክልም ነሐስ አገኘ። ከሳምንታት በኋላ ለቺካጎ ቤርስ ተሰለፈ፤ በዚያው ወቅት 40 ኳስ ተቀብሎ 8 ተችዳውን አስቆጠረ። በሁለቱም ሜዳ እንግዳ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመኸር ፉትቦል፣ በጸደይ ሩጫ ያሠለጥናል። ብዙዎቹ የፉትቦል አሠልጣኞች ራሳቸው ኳስ ተቀባዮቻቸውን ወደ መሙ ይልካሉ። ልጁ በ16 ዓመቱ ሁለቱንም እንዲያደርግ ተበረታትቶ፣ 22 ሲሞላው እንደ ከዳተኛ የሚታይበት ምክንያት አይገባኝም።

አንዱን ይምረጥ፤ መልስ

ጎልትን ስለጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ኦገስት በኋላ በየትኛው የዓለም ፍጻሜ ሮጠ? የፉትቦል ደመወዝ መብላት ከጀመረ በኋላ በመሙ ላይ ያንን ደረጃ አልደገመም። አንድ በጋ አሳዩኝ እንጂ ጎን ለጎን የተዘለቀ ዓመታት አላሳዩኝም። አለንም በ2022 ኦገስት በወዳጅነት ጨዋታ ከክሊቭላንድ ጋር የ55 ያርድ ተችዳውን አስቆጠረ፤ እኔም ተነስቼ ነበር ያጨበጨብኩት። ከዚያ ግን የልምምድ ቡድን ውስጥ ገባ። በ2024 ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ በመሰናክል የሄዱት ሦስት አሜሪካውያን ሌሎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ግራንት ሆሎዌይ ወርቅ፣ ዳንኤል ሮበርትስ ብር ወሰዱ። ከሁለት ያጣ ማለት ይከብደኛል፤ ገንዘቡን በላብ ያገኘው ነውና። ግን ሩቅ አልነበረም።

በገንዘቡ አልከራከርም፤ ወንድሜ ያሰሉት ልክ ነው፣ የመሙ ባለሥልጣኖችም ሊያፍሩበት የሚገባ ሒሳብ ነው። የምለው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ፉትቦል ያረጀን ጉልበት ይቀበላል፤ ኳስ ተቀባይ በ30 ዓመቱም እየተጫወተ ይኖራል፤ በጨዋታው ላይ ቀድሞ ቢነሳ አምስት ያርድ ይቀጣና ጨዋታው ይቀጥላል። መሙ እንደዚያ አይምርም፤ ቀድመህ ከተነሳህ ዓመቱ አልቋል፣ ፍጥነቱ የሚቆይህም ጥቂት በጋ ነው። ስለዚህ በቨርጂኒያ ያለው ልጅ ቢጠይቀኝ፣ እስከ 25 ዓመትህ ሩጥ፤ ፉትቦሉ ከፈለገህ ያኔም ይጠራሃል እለዋለሁ። አለንን ራሱን በ27 ዓመቱ ጠርቶታል።